ባዶ ዲስክ ከመግዛታችሁ በፊት በርነራችሁን አንብቡት

አንድ ጊዜ 25 ባዶ ዲቪዲ የያዘ ቁልል ገዝቼ ቤት ገባሁ። የላፕቶፔ መሳቢያ ፊት ላይ «ዲቪዲ» የሚል ምልክት አለ። ከጎኑ ደግሞ «አርደብሊው» ይላል። ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ ይፈለጋል? የመጀመሪያውን ዲስክ ከተትኩ። ድራይቩ ትንሽ አጉረመረመና ኮምፒውተሩ «እባክዎ ባዶ ዲስክ ያስገቡ» አለኝ። ዲስኩ እኮ ውስጥ ነው! አወጣሁት፣ በሸሚዜ ጠረግሁት፣ መለስኩት። ያው መልስ። ሁለተኛውን ሞከርኩ፣ ሦስተኛውን ሞከርኩ። አምስተኛው ላይ ስደርስ ሻጩን በልቤ መርገም ጀምሬ ነበር።

ሻጩ ምንም አላጠፋም። ድራይቩ «ኮምቦ» የሚባለው ዓይነት ነው። ሲዲ ያነባል፣ ሲዲ ይጽፋል፤ ዲቪዲ ግን ያነባል እንጂ አይጽፍም። «አርደብሊው» የሚለው ለሲዲው ነበር፣ «ዲቪዲ» የሚለው ደግሞ ለማንበብ ብቻ። እኔ ሁለቱን ምልክቶች አገጣጥሜ ድራይቩ የሌለውን ችሎታ ሰጠሁት።

ከዚያ ወዲህ ቅደም ተከተሌን ገለበጥኩት። ብዙ ሰው ከዲስኩ ይጀምራል፤ ያገኘውን ይገዛና ይሠራል ብሎ ተስፋ ያደርጋል። እኔ ግን ከመጨረሻው ነው የምጀምረው። ዲስኩ ተጽፎ ካለቀ በኋላ የት ነው የሚነበበው? ቀጥሎ፣ በርነሬ (ዲስክ ላይ የሚጽፈው ድራይቭ) ምን ይችላል? ግዢው የሚመጣው ሁለቱ ከተመለሱ በኋላ ነው።

መጀመሪያ፦ ዲስኩ የት ነው የሚሄደው?

ለመኪና ቴፕ ዘፈን ከሆነ፣ በተለይ መኪናው ከቆየ፣ የሚያስፈልጋችሁ ተራ ሲዲ-አር (አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፈው) ነው። ሲዲ-አርደብሊው (ጠፍቶ እንደገና የሚጻፈው) አይደለም፣ ዲቪዲም አይደለም። የሚጻፈውም እንደ «ኦዲዮ ሲዲ» ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ዲስኩ ላይ 700 ሜጋባይት እና 80 ደቂቃ የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ታገኛላችሁ። ኦዲዮ ሲዲ ስትሠሩ የሚወስነው 80 ደቂቃው ነው። ኤምፒ3 ፋይሎቻችሁ 150 ሜጋባይት ብቻ ቢሆኑ እንኳ ጠቅላላ ርዝመታቸው 100 ደቂቃ ከሆነ አይገቡም። ፕሮግራሙ ሲጽፍ መጭመቁን ፈትቶ ወደ ሲዲ ድምፅ ይመልሳቸዋልና። ቴፑ ኤምፒ3 የሚያነብ ከሆነ ግን ፋይሎቹን እንዳሉ እንደ «ዳታ ሲዲ» ጻፉ፤ ያኔ ከመቶ በላይ ዘፈን ይገባል።

ቴሌቪዥን ሥር ለተቀመጠ አሮጌ የዲቪዲ ማጫወቻ ከሆነ ዲቪዲ-አር ምረጡ። ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ። ፎቶና ሰነድ ለዓመታት ለማስቀመጥ ከሆነ አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍ ዲስክ ይሻላል፤ የሚታጠበውን፣ ማለትም እየጠፋ እንደገና የሚጻፈውን፣ ለዚህ አልመክርም። ፋይል ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ ለማሻገር ብቻ ከሆነ በርነሩ የሚቀበለው ማንኛውም ዲስክ ይበቃችኋል። እርግጥ ለዚህኛው ፍላሽ እያለ ለምን ዲስክ እንዳስፈለጋችሁ እናንተ ታውቃላችሁ።

ቀጥሎ፦ በርነሩን ማንበብ

የመሳቢያውን ፊት እዩት፣ ግን እንደ እኔ አትቸኩሉ። እያንዳንዱ ምልክት የሚናገረው ስለ ራሱ ብቻ ነው። «ኮምፓክት ዲስክ» ከሚለው ምልክት ሥር «ሪራይተብል» ካለ ሲዲ ይጽፋል ማለት ነው። «ዲቪዲ» ከሚለው ሥር «ሮም» ካለ ወይም ምንም ከሌለ፣ ዲቪዲ ይጽፋል ብላችሁ አትገምቱ። ከሥሩ «አር» እና «አርደብሊው» ካሉ ይጽፋል። «ዲኤል» ካለ ባለ ሁለት ንብርብር ዲስክም ይችላል። «ዲቪዲ መልቲ ሪኮርደር» የሚል ምልክት ካያችሁ ደግሞ ዲቪዲ-አርን፣ ዲቪዲ-አርደብሊውን እና ዲቪዲ-ራም የተባለውን ሌላ የሚታጠብ ዓይነት ይጽፋል ማለት ነው።

ምልክቱ ከተፋቀ ወይም ከመጀመሪያው ከሌለ ወደ ኮምፒውተሩ ሂዱ። ዊንዶውስ ላይ የስታርት ቁልፉን በቀኝ ክሊክ ተጭናችሁ «ዲቫይስ ማኔጀር»ን ክፈቱ። ከዝርዝሩ ውስጥ «ዲቪዲ/ሲዲ-ሮም ድራይቭስ» የሚል መስመር አለ፤ ስትከፍቱት የድራይቩ ሙሉ ስም ይወጣል።

ይህ ስም ቀልደኛ ነው። ብዙ ላፕቶፖች ላይ «ኤችኤል-ዲቲ-ኤስቲ ዲቪዲራም» የሚል ይነበባል። የመጀመሪያዎቹ ፊደላት ሂታቺ እና ኤልጂ በጋራ ያቋቋሙት ድራይቭ አምራች ምህፃር ናቸው። «ዲቪዲራም» የሚለው ግን ብዙ ሰው ያሳስታል። «ለካ የእኔ ዲቪዲ-ራም ነው የሚፈልገው» ብሎ ያንን ብርቅዬ ዲስክ ፍለጋ የዞረ ሰው አውቃለሁ። ትርጉሙ «ዲቪዲ-ራምም እችላለሁ» ማለት ነው፤ ተራውን ዲቪዲ-አርና ዲቪዲ+አርም ይጽፋል። በተቃራኒው በስሙ ውስጥ «ሲዲአርደብሊው/ዲቪዲ» የሚል ካለ፣ ያ የእኔው ኮምቦ ነው፤ ባዶ ዲቪዲ አትግዙለት። «ቢዲ-ሮም» የሚል ካለ ብሉሬይ ያነባል፣ አይጽፍም። «ቢዲ-አርኢ» የሚል ካለ ብሉሬይ ይጽፋል።

ማክ ላይ ነገሩ ይቀላል። «ሲስተም ኢንፎርሜሽን»ን ከፍታችሁ «ዲስክ በርኒንግ» የሚለውን ስትነኩ፣ ድራይቩ የሚጽፋቸውን ዓይነቶች ፕላስና ማይነሱን ለይቶ ይዘረዝርላችኋል። ዊንዶውስ ላይ ይህን የመሰለ ዝርዝር ለማየት ኢምግበርን የተባለውን ነፃ ፕሮግራም እጠቀማለሁ። «ቱልስ»፣ ከዚያ «ድራይቭ»፣ ከዚያ «ኬፓቢሊቲስ» ስትሉ ለእያንዳንዱ የዲስክ ዓይነት ማንበብና መጻፍ መቻሉን በምልክት ያሳያል። ሲጫን ግን ሌላ ያልጠየቃችሁትን ፕሮግራም ልጨምርላችሁ የሚል ሳጥን ሊመጣ ስለሚችል «ኔክስት»ን ዝም ብላችሁ አትደብድቡ።

የድራይቩን ሞዴል ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት። ከዚያ ያንን ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ፈልጉና የአምራቹን የዝርዝር ገጽ አንብቡ። የምትፈልጉት ሁለት ነገር ነው፤ የሚጽፋቸው ዓይነቶች እና ለእያንዳንዱ ያለው ከፍተኛ ፍጥነት።

ፕላስ ነው ማይነስ?

ዲቪዲ-አር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ከፓዮኒር ኩባንያ ወጣ። ዲቪዲ+አር በ2002 መጣ፤ ከጀርባው ሶኒና ፊሊፕስ ያሉበት ሌላ ቡድን ነበር። ሁለቱ ወገኖች ሳይስማሙ ስለቀሩ እኛ እስከ ዛሬ ፓኬት እያገላበጥን ምልክት እንፈልጋለን። በነገራችን ላይ «ማይነስ» የምንለው ምልክት በአምራቾቹ ዘንድ ሰረዝ ብቻ ነው፤ «ፕላስ» ሲመጣ ነው ሰዉ ሰረዙን ማይነስ ያደረገው።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በርነሮች ወይ ይህን ወይ ያንን ብቻ ነበር የሚጽፉት። ኋላ የመጡት ሁለቱንም ይጽፋሉ፤ ፕላሱን ከላይ ሰረዙን ከታች አድርገው በአንድ ላይ ይጽፉታል። በርነራችሁ እንዲህ ካለ ምርጫው የሚወሰነው በሚያነበው ማሽን ነው። አሮጌ ማጫወቻ ከሆነ ዲቪዲ-አር የመነበብ ዕድሉ የተሻለ ነው፤ ቀድሞ የመጣ ስለሆነ ብዙ ማጫወቻ ያውቀዋል። ዲቪዲ+አር ደግሞ አንድ ብልሃት አለው። አንዳንድ በርነሮች ዲስኩን ሲጽፉ «እኔ ፋብሪካ የታተምኩ ዲቪዲ-ሮም ነኝ» የሚል መታወቂያ ሊሰጡት ይችላሉ። ይህ «ቡክ ታይፕ» መቀየር ይባላል። በርነራችሁ ይህን የሚፈቅድ ከሆነ፣ ዲቪዲ+አር በአሮጌ ማጫወቻም ጥሩ ይሄዳል። ማጫወቻውን በትንሽ ውሸት ማሳለፍ ነው።

መጠናቸው እኩል ነው ይባላል፣ ግን ትክክል እኩል አይደለም። ዲቪዲ-አር 4,707,319,808 ባይት ይይዛል፣ ዲቪዲ+አር 4,700,372,992 ባይት። ልዩነቱ 7 ሜጋባይት ገደማ ነው። ከምንም አይቆጠርም ትሉ ይሆናል፤ ዲቪዲ-አርን እስከ አፉ የሞላ የአይኤስኦ ፋይል (የአንድ ሙሉ ዲስክ ቅጂ) ይዛችሁ ዲቪዲ+አር ላይ ለመጻፍ ስትሞክሩ ግን ያቺ 7 ሜጋባይት በሩን ትዘጋባችኋለች።

ሌላው የመጠን ግራ መጋባት፣ ዲስኩ 4.7 ጊጋባይት ይላል፣ ኮምፒውተሩ ግን 4.38 ያሳያል። የተሰረቀባችሁ ነገር የለም። ፋብሪካው በ1,000 ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1,024። እኔ በኮምፒውተሩ አቆጣጠር 4.2 ሲደርስ አቆማለሁ። ዲስክ የሚጻፈው ከመሀል ወደ ዳር ነው፤ ስህተት የሚበዛውም፣ በጣት የሚነካውም ዳሩ ነው።

ባለ ሁለት ንብርብር

8.5 ጊጋባይት የሚለው ዲስክ ሁለት የመጻፊያ ንብርብር አለው። ሌዘሩ አንዱን አልፎ ሌላውን ይጽፋል። የፕላሱ በ2004፣ የማይነሱ በ2005 ገበያ ላይ ዋለ፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሠራ በርነር ይህን አይጽፍም። «ዲኤል» የሚል ምልክት ወይም በዝርዝሩ ውስጥ ስሙ ከሌለ አትግዙ። ካለም የትኛውን ዲኤል እንደሚል ተመልከቱ፤ የፕላሱን ብቻ የሚጽፉ በርነሮች አሉ። ምርጫ ካላችሁ የእኔ ድምፅ ለዲቪዲ+አር ዲኤል ነው። ግን ባለ ሁለት ንብርብሩ ሁሉ ከተራው ዲስክ ይበልጥ ስለሚበላሽ፣ ፋይሉን ለሁለት ከፍላችሁ ሁለት ተራ ዲቪዲ መጠቀም የምትችሉ ከሆነ ያንን አድርጉ።

የሚታጠቡት

«አርደብሊው» የሚሉት ተጽፈው የሚጠፉ፣ እንደገና የሚጻፉ ናቸው፤ 1,000 ጊዜ ያህል ይባላል። የሚሠሩበት ነገር ከተራው ይለያል። በተራው ሲዲ-አር ውስጥ ሌዘሩ የሚያበላሸው ቀለም አለ። በሚታጠበው ውስጥ ግን እየተሞቀ እየቀዘቀዘ መልኩን የሚቀያይር የብረት ቅይጥ ነው ያለው። ይህ ቅይጥ ብርሃን በደንብ አይመልስም። ሲዲ-አርደብሊው ከሚያርፍበት ብርሃን የሚመልሰው ከ15 እስከ 25 በመቶውን ነው። አሮጌ የመኪና ቴፕ ሲዲ-አርደብሊው ስትሰጡት ባዶ መሳቢያ ያገኘ ይመስል የሚተፋው ለዚህ ነው።

የፍጥነት ጉዳይ ጥብቅ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ፍጥነት የሚለካው በ«ኤክስ» ነው፤ ዝርዝሩን ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ። ሲዲ-አርደብሊው አራት ደረጃ አለው፦ እስከ 4ኤክስ የሚሄደው የመጀመሪያው፣ እስከ 12ኤክስ የሚሄደው «ሃይ ስፒድ»፣ እስከ 24ኤክስ የሚሄደው «አልትራ ስፒድ»፣ እና 32ኤክስ የሆነው «አልትራ ስፒድ ፕላስ»። በተራ ሲዲ-አር ላይ አሮጌ በርነር ፈጣን ዲስክ ቢሰጡት ብዙ ጊዜ በራሱ ዘገምተኛ ፍጥነት ይጽፈዋል። በሲዲ-አርደብሊው ላይ ግን እንዲህ የለም። የመጀመሪያው ደረጃ ብቻ የሚችል በርነር «አልትራ ስፒድ» ዲስክ ላይ አይጽፍም፤ በዝግታም ቢሆን አይጽፍም። ስለዚህ በበርነሩ ምልክት ላይ ያለውን ቃል ከዲስኩ ምልክት ጋር ቃል በቃል አመሳክሩ። አንዱ «ሃይ» ሌላው «አልትራ» ካለ ዲስኩን ለሻጩ መልሱ።

ብሉሬይ

ብሉሬይ ውስጥ የፕላስና ማይነስ ጣጣ የለም። አንድ ጊዜ የሚጻፈው ቢዲ-አር፣ የሚታጠበው ቢዲ-አርኢ ነው፣ አለቀ። አንድ ንብርብሩ 25 ጊጋባይት፣ ሁለቱ 50 ነው። 100 እና 128 ጊጋባይት የሚሉት ግን «ቢዲኤክስኤል» የተባሉ ናቸው፤ እነሱን ለመጻፍም ለማንበብም «ቢዲኤክስኤል» የሚል ምልክት ያለበት ድራይቭ የግድ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። ቢዲ-አር ፓኬት ላይ «ኤልቲኤች» የሚሉ ሦስት ፊደላት ካያችሁ፣ ያ ዲስክ ከሌሎቹ በተለየ መንገድ የተሠራ ነው። የተለመደው ቢዲ-አር ሲጻፍበት ብርሃን የመመለስ ኃይሉ ይቀንሳል፣ ይህኛው ሲጻፍበት ይጨምራል። እሱ ከመምጣቱ በፊት የተሠሩ በርነሮችና ማጫወቻዎች ላያውቁት ይችላሉ። የዋጋው መርከስ ካላስገደዳችሁ በቀር እለፉት።

ለረጅም ዘመን ማስቀመጫ ተብሎ የሚሸጠው «ኤም-ዲስክ» ደግሞ በሁለት መልክ ይመጣል። የዲቪዲው ዓይነት ጠንካራ ሌዘር ስለሚፈልግ ይህንኑ የሚገልጽ ምልክት ያለበት በርነር ይሻል። የብሉሬዩን ዓይነት ግን አብዛኛው የብሉሬይ በርነር ይጽፈዋል።

ኤክስ የሚባለው ነገር

የሲዲ 1ኤክስ እና የዲቪዲ 1ኤክስ አንድ አይደሉም። የሲዲው 1ኤክስ በሰከንድ 150 ኪሎባይት ነው። የዲቪዲው 1,385 ኪሎባይት፣ የብሉሬዩ ደግሞ 4.5 ሜጋባይት ነው። «የእኔ ሲዲ 52ኤክስ ነው፣ ያንተ ዲቪዲ 8ኤክስ ብቻ» ብሎ የሚኩራራ ካለ፣ ስሌቱን አሳዩት። 52ኤክስ ሲዲ በሰከንድ 7.8 ሜጋባይት ነው፣ 8ኤክስ ዲቪዲ ከ11 ይበልጣል።

በተራ ዲስክ ላይ ሕጉ ቀላል ነው፤ ከበርነሩና ከዲስኩ ዝቅ ያለው ፍጥነት ያዛል። 8ኤክስ በርነር ላይ 16ኤክስ ዲስክ ብታስገቡ 8ኤክስ ነው። የላፕቶፕ ቀጫጭን ድራይቮች ዲቪዲን ብዙውን ጊዜ ከ8ኤክስ በላይ ስለማይጽፉ፣ ለእነሱ ስትሉ ተጨማሪ ገንዘብ ከፍላችሁ ፈጣን ዲስክ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው።

«በዝግታ በተጻፈ ቁጥር ይሻላል» የሚል ምክር ትሰማላችሁ። ግማሽ እውነት ነው። የዛሬ ዲስክ ቀለሙ ለፍጥነት ተብሎ የተቀመመ ነው። 16ኤክስ ዲቪዲን በ2ኤክስ ወይም በ4ኤክስ መጻፍ ጥራቱን አይጨምርም፤ አንዳንዴ ያበላሸዋል። እጅግ በፍጥነት መጻፍ ደግሞ ዳር ዳሩ ላይ ስህተት ያበዛል። እኔ መካከለኛውን እመርጣለሁ፦ ለ16ኤክስ ዲቪዲ 8ኤክስ፣ ለ52ኤክስ ሲዲ 16 ወይም 24፣ ለ6ኤክስ ብሉሬይ 4። ዲቪዲ በ8ኤክስ 8 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ያን ያህል ጊዜ ቡና ሳይጠጣ የሚጠብቅ የለም።

ስሙ አንድ፣ ፋብሪካው ሌላ

በርነር ዲስክ ሲገባለት መጀመሪያ የሚያደርገው መታወቂያ መጠየቅ ነው። እያንዳንዱ ባዶ ዲስክ ውስጥ የአምራቹ ኮድ አስቀድሞ ታትሟል። በርነሩ ያንን ኮድ ፈርምዌሩ (ድራይቩ ውስጥ ያለው የራሱ ፕሮግራም) ውስጥ ካለው ዝርዝር ጋር ያስተያያል። ካገኘው «ለዚህኛው ሌዘሩን ይህን ያህል አጠንክር» የሚል የተዘጋጀ መመሪያ አለው። ካላገኘው በግምት ይሄዳል። ከዚያ ዲስኩ መሀል አካባቢ ለዚህ የተተወች ጠባብ ቦታ ላይ ሌዘሩን ሞክሮ ኃይሉን ያስተካክላል። መጻፍ የሚጀምረው ይህ ሁሉ ካለፈ ነው። አንድ ዲስክ በጓደኛችሁ በርነር ላይ እንደ ቅቤ እየሄደ በእናንተው ላይ የሚደናቀፍበት ዋናው ምክንያት ይህ ዝርዝር ነው።

ኮዱን ለማየት ባዶውን ዲስክ አስገቡና ኢምግበርንን በመጻፊያ ገጹ ላይ ክፈቱት። በስተቀኝ በኩል «ዲስክ አይዲ» የሚል መስመር አለ። ለምሳሌ «ኤምሲሲ 004» ካለ፣ ቨርቤቲም በሚል ስም ብዙ የተሸጠው የሚትሱቢሺ 16ኤክስ ዲቪዲ+አር ኮድ ነው። ከዚያው ሥር «ሰፖርትድ ራይት ስፒድስ» የሚለውን ታያላችሁ፤ ይህ በርነራችሁ ይህን ዲስክ በስንት በስንት እንደሚጽፈው የራሱ የበርነሩ ቃል ነው። ፓኬቱ 16 ብሎ እዚህ 4 ብቻ ካለ፣ በርነሩ ዲስኩን በደንብ አያውቀውም ማለት ነው። ሊኑክስ ላይ ኬ3ቢ የተባለው ፕሮግራም ተመሳሳይ መረጃ ያሳያል።

ለብራንድ ስም ብዙ አትስገዱ። ብዙ ብራንድ ራሱ አያመርትም፤ ከሌላ ፋብሪካ ያስመርታል። ፋብሪካውም ይቀያየራል። የሚወደዱ ዲስኮችን ያመርት የነበረው ታይዮ ዩደን በ2015 መጨረሻ ከሥራው ወጣ። ቨርቤቲም በ2019 ለሲኤምሲ ማግኔቲክስ ተሸጠ። ሶኒ በየካቲት 2025 ባዶ ብሉሬይ ማምረት አቁሟል። እነዚህ ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ስለዚህ «ይህ ብራንድ ምርጥ ነው» የሚል የቆየ ምክር ስታገኙ፣ የተመሰገነው ዲስክና ዛሬ መደርደሪያ ላይ ያለው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

የእኔ ዘዴ ይህ ነው። ቁልል ከመግዛቴ በፊት አንድ ወይም አምስት የያዘውን ትንሽ ፓኬት እገዛለሁ። ኮዱን አነባለሁ። አንዱን ሞልቼ እጽፍበታለሁ። ከዚያ መጨረሻ ላይ የሚነበብበት ማሽን ውስጥ ከትቼ ከመጀመሪያው እስከ ዳሩ አጫውተዋለሁ። ካለፈ ኮዱን ማስታወሻዬ ላይ እጽፍና ቁልሉን እገዛለሁ።

መሳቢያ ስለሌላቸው ድራይቮች

ዲስኩን በቀጭን ስንጥቅ የሚውጡ ድራይቮች ላይ 8 ሴንቲሜትር የሆነውን ትንሹን ዲስክ ወይም ክብ ያልሆነ ቅርጽ ያለውን አታስገቡ። ይገባል፣ አይወጣም። መሳቢያ ያለው ድራይቭ ላይ ግን መሀሉ ላይ ለትንሹ ዲስክ የተሠራ ጎድጓዳ ክብ አለ፤ እዚያ ላይ ይቀመጣል። ወረቀት የተለጠፈበት ዲስክም ለሁለቱም ጥሩ አይደለም፤ ሚዛኑን ያናጋል፣ ሲሞቅም ይላጣል።

«ለሙዚቃ» የሚል ሲዲ-አር ኮምፒውተር ላይ እንደ ማንኛውም ሲዲ ይጻፋል። ከቴፕ ጋር የሚቀመጡ የቤት መቅረጫዎች ናቸው እሱን ካላገኙ አንቀዳም የሚሉት። ኮምፒውተር ብቻ ካላችሁ ተጨማሪ አትክፈሉበት።

ስትጽፉ

ዊንዶውስ ባዶ ዲስክ ሲያገኝ እንደ ፍላሽ ነው ወይስ ለሲዲና ዲቪዲ ማጫወቻ ብሎ ይጠይቃችኋል። ዲስኩ ከእናንተ ኮምፒውተር የሚወጣ ከሆነ ሁለተኛውን ምረጡ። የፍላሹ ዓይነት በሌላ ማሽን፣ በተለይ በቴፕና በዲቪዲ ማጫወቻ፣ ላይነበብ ይችላል። በሌላ ፕሮግራም የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ ዲስኩን «ፋይናላይዝ» ወይም «ክሎዝ» አድርጉት። ያልተዘጋ ዲስክ በርነሩ ላይ ይነበብና ማጫወቻው ላይ ባዶ ይሆናል። የተጻፈውን መልሶ የሚያረጋግጠውን «ቬሪፋይ» የሚለውንም ምልክት አድርጉ፤ ጊዜውን በእጥፍ ያራዝመዋል፣ ይገባዋልም።

እምቢ ሲል

ዲስክ ውስጥ እያለ «ዲስክ አስገቡ» ካለ መጀመሪያ ዓይነቱን ከበርነሩ ችሎታ ጋር እንደገና አመሳክሩ። ልክ ከሆነ ሌላ ፋብሪካ ኮድ ያለው ዲስክ ሞክሩ። ያኛው ከሄደ ችግሩ የትውውቅ ነው፤ የድራይቩ አምራች አዲስ ፈርምዌር አውጥቶ እንደሆነ ፈልጉ። ፈርምዌር ስትጭኑ መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ድራይቩ ሊሞት ስለሚችል፣ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ ይሁን።

በዩኤስቢ የሚገናኝ ውጫዊ በርነር ከሆነ ከሀብ (ከዩኤስቢ ማከፋፈያ) ላይ ነቅላችሁ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩት። ሌዘሩ ሲጽፍ ከማንበብ የበለጠ ኃይል ይጎትታል። ሲያነብ ደህና ሆኖ ሲጽፍ የሚሞት ድራይቭ ብዙ ጊዜ የራበው መብራት ነው። ሁለት አፍ ያለው ገመድ አብሮት ከመጣ ሁለቱንም ሰኩ።

ዲቪዲ ሁሉ እምቢ ብሎት ሲዲ ግን እንደ ድሮው የሚጽፍ ከሆነ ዲስክ መቀያየሩን አቁሙ። ሲዲ የሚጻፈው በ780 ናኖሜትር ሌዘር ነው፣ ዲቪዲ በ650፣ ብሉሬይ በ405። አንዱ ሌዘር ደክሞ ሌላው ደህና ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ድራይቭ ዲቪዲ መጻፉ አብቅቶለታል፤ ከዚህ በኋላ የምትገዙለት ባዶ ሲዲ ብቻ ነው።

የእኔ 25 ዲቪዲ? አምስቱ የሸሚዜን አሻራ ይዘው፣ ሃያው ሳይነኩ፣ በሚቀጥለው ዓመት የገዛሁትን ውጫዊ በርነር ጠበቁ። ዲቪዲ-አር ነበሩ፤ በርነሩ ሁለቱንም ይጽፍ ነበር። ከሃያ አምስቱ ሃያ ሦስቱ ተጻፉ።